ኦፔዝ ለምን ተለወጠ? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ከስዊድኖቹ የሜታል (የከባድ ሮክ) ባንድ ከኦፔዝ ጋር የተዋወቅኩት በ2001 ብላክዎተር ፓርክ የተባለው አልበማቸው ሲወጣ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ጥያቄ ካላችሁ አምጡ አልኩ፣ አመጣችሁ።

ጥያቄ፦ እነዚህ ሰዎች ሜታል የተዉት መቼ ነው?

መልስ፦ ብዙ አድናቂ 2011ን ይጠራል፣ ሄሪቴጅ የተባለው አልበም የወጣበትን። መጀመሪያ ስሰማው የተሳሳተ ፋይል የከፈትኩ መስሎኝ ነበር። ግራውሉ፣ ያ ከሆድ የሚወጣው ጉርምርምታ፣ የለም። ጊታሩ ሳስቷል፣ ከበሮው ደርቋል፣ በሰባዎቹ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ግን እኮ በ2003 የወጣው ዳምኔሽንም አንድ ግራውል አልነበረውም! ያኔ እኔና ጓደኞቼ አልተቆጣንም፤ ከባዱ መንትያው ዴሊቨራንስ ከጥቂት ወራት በፊት ወጥቶ ስለነበር ጠግበን ነበር።

ጥያቄ፦ ለገንዘብ ነው አይደል?

መልስ፦ ለገንዘብ ቢሆን ብላክዎተር ፓርክ ቁጥር ሁለትን ይሠሩ ነበር። መሪያቸው ሚካኤል ኦከርፌልት ራሱ እንደተናገረው፣ ከዋተርሼድ (2008) በኋላ በዚያው መንገድ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ቤዝ ተጫዋቹ ማርቲን ሜንዴዝ አዲሱ አልበም ዋተርሼድን ከመሰለ ቅር እንደሚለው ሲነግረው፣ የጀመረውን ጣለው። ሰውየው ደግሞ የድሮ ፕሮግ (ረጅምና ውስብስብ ሮክ) ሸክላ ሲሰበስብ የኖረ ነው። ያው፣ የሰበሰበው ወጣ።

ጥያቄ፦ ያለ ግራውል ኦፔዝ ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ እዚህ ላይ እንጣላ። እኔን የጎደለኝ ከባዱና ለስላሳው ጎን ለጎን መሆኑ ነው። የብላክዎተር ፓርክን የመጀመሪያ ዘፈን ክፈቱት፣ ከ10 ደቂቃ በላይ ነው። ሲያገሳ፣ ሲለዝብ፣ ደግሞ ሲያገሳ ቆይቶ መጨረሻው ላይ ፒያኖ ብቻውን ይቀራል። ያ ፒያኖ አንጀት የሚበላው ከዚያ በፊት ስለተደበደባችሁ ነው። ሶርሰረስ (2016) ላይ ድብደባው ስለሳሳ ለስላሳው ቦታ ማረፊያነቱ ቀረ፤ ለእኔ ደካማው አልበማቸው እሱ ነው። ፔል ኮሚዩኒየንን (2014) ግን አትንኩብኝ፣ ዜማው ብቻውን ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ የ2019ኙ ኢን ካውዳ ቬኔኑም በሁለት ቋንቋ ነው የወጣው። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ስዊድንኛውን። መጀመሪያ የተጻፈው በዚያ ነው፣ ቃሉ ዜማው ላይ ይቀመጣል። አይገባኝም እንዳትሉ፤ ግራውሉስ ይገባችሁ ነበር እንዴ?

ጥያቄ፦ በ2024 ግራውሉ መጣ። ወደ ድሮው ተመለሱ ማለት ነው?

መልስ፦ ጉሮሮው ተመልሷል። ዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት የአንድ ሟች አባወራ ኑዛዜ ሲነበብ የሚተርክ አልበም ነው፤ ከስምንቱ ዘፈኖች ሰባቱ ስም እንኳ የላቸውም፣ የአንቀጽ ምልክትና ቁጥር ብቻ። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የጄትሮ ታል መሪ ኢያን አንደርሰን ይተርካል፣ ዋሽንትም ይነፋል። ግራውሉን በሐሳባችሁ አውጡትና ስሙት፤ ከብላክዎተር ፓርክ ይልቅ ለ2019ኙ ይቀርባል። የሚገርመው፣ አስር ዓመት ሙሉ "ግራውሉን መልሱልን" ሲለኝ የነበረው ጓደኛዬ አሁን ደግሞ የጊታሩ ክብደት ጎደለ ይላል። እኔ ከ2011 ጀምሮ ምን ስል ነበር?

ጥያቄ፦ ባንዱን አላውቀውም፣ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከጎስት ሪቨሪስ (2005)፣ ሁለቱም መልካቸው አለበት። የመጀመሪያው ዘፈን ለጥቂት ሰከንድ ዝግ ብሎ ይነሳል። ያኔ ታዲያ አይሰማም ብለህ ድምፁን እንዳትጨምር።