«አንብቤው ጠፋብኝ» ለምትሉ የሕክምና ተማሪዎች፦ ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የምትማሩ ስለ አነባበብ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እየመረጥኩ እመልሳለሁ።

ዶክ፣ አናቶሚን ደጋግሜ አንብቤ ፈተና ላይ ባዶ ሆንኩ። ምን ይሻለኛል?

እንደገና አታንብበው። ስታነበው የገባህ የሚመስልህ ዓይንህ ገጹን ስለለመደው ነው፤ ፈተናው ደግሞ ገጹን አያሳይህም። ብራኪያል ፕሌክሰስን (ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቮች መረብ) እንውሰድ። መጽሐፉን ዝጋና ባዶ ወረቀት ላይ ከሲ5 እስከ ቲ1 አምስቱን ሩቶች (ከአከርካሪ የሚወጡትን የነርቭ ሥሮች) ጻፍ። ወደ ሦስት ትራንክ፣ ስድስት ዲቪዥን፣ ሦስት ኮርድ አውርዳቸው፤ መጨረሻ ላይ አምስቱን ነርቮች አውጣ። የተያዝክበት ቦታ ላይ ብቻ መጽሐፉን ገልጠህ እይ፣ መልሰህ ዝጋ፣ የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙላ። የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱ ቀይ በቀይ ይሆናል፤ አትደንግጥ። በማግስቱ ድገመው፣ ከዚያ ከሦስት ቀን፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ። ሥዕሉ እጅህ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ራስህን ጠይቅ፦ ራዲያል ነርቭ ቢጎዳ የእጅ አንጓ ለምን ይንጠለጠላል?

ለምን በማግስቱ? ፈተናው ሲደርስ ብከልስስ?

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ ራሱ ላይ ሞክሮ በ1885 ያሳተመው ይህንኑ ነው፤ የያዝነው አብዛኛው የሚጠፋው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስልክ ካለሽ አንኪ የሚባለው የጥያቄና መልስ ካርድ መተግበሪያ ድግግሞሹን ያሰላልሻል። አንድሮይድ ላይ ነጻ ነው፣ ኔትወርክ ሲጠፋም ይሠራል። ካርዶቹን ግን ራስሽ ሥሪያቸው።

የፋርማኮሎጂው የመድኃኒት ብዛት…

ስም በስም አትሸምድዱ። ከየቤተሰቡ አንድ ያዙ። ፕሮፕራኖሎል ቤታ 1 እና ቤታ 2 የሚባሉትን ሪሴፕተሮች (ተቀባዮች) ሁለቱንም ይዘጋል፤ ልብን ያዘገያል፣ የአየር ቧንቧን ያጠባል፣ ስለዚህ አስም ላለበት አይሰጥም። አቴኖሎል ሲመጣ ልዩነቱን ብቻ ጨምሩበት፦ ወደ ቤታ 1 ያደላል። ዋርድ የገባችሁ ደግሞ የአንድ ታካሚ ትእዛዝ ላይ ያሉትን መድኃኒቶች ያዙና ማታ እያንዳንዱ ለምን እንደታዘዘ መጽሐፍ ሳታዩ ጻፉ።

ጫት ካልያዝኩ ምንም አይገባኝም።

ጅማ ተቀምጠን ይህ ባይጠየቅ ይገርመኝ ነበር። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የአምፌታሚን ዘመድ ነው፤ ንቁ ያደርግሃል፣ ሁሉም የገባህ ያስመስልሃል። ምርቃና ላይ የጻፍከውን ማስታወሻ ጠዋት አንብበውና ፍረድ። ዋናው ጣጣ ግን እንቅልፍህን መውሰዱ ነው፤ ያነበብከው የሚደላደለው ስትተኛ ነው።

ሲቢቲፒ (ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተን የምንሠለጥንበት ፕሮግራም) የንባብ ጊዜዬን በላው።

አይመስለኝም። ቤት ለቤት ዞረሽ፣ ጠይቀሽ፣ ራስሽ ያሰላሽው ፕሪቫለንስ (በሽታው ያለባቸው ሁሉ ድርሻ) ከኢንሲደንስ (አዲስ ከተያዙት) ጋር አይምታታብሽም። ስላይድ ላይ ብቻ ያነበበው ነው የሚምታታበት።

በግሩፕ ነው ለብቻ?

ለብቻ አንብቡ፣ ለግሩፑ አስረዱ። አንዱ ሲያስረዳ ሌላው «ለምን?» እያለ ያፋጠው። ተሰብስባችሁ ዝም ብላችሁ ሃንድአውት የምታገላብጡ ከሆነ ግን ቡናችሁን ጠጡና ተበተኑ።

ክሬብስ ሳይክልን (ሴል ከምግብ ኃይል የሚያወጣበትን ዑደት) ኤንዛይም በኤንዛይም ልያዝ?

መጀመሪያ የሚበላሽበትን ቦታ ያዝ። ከግሉኮስ የሚገኘው ፒሩቬት ወደ ሳይክሉ እንዲገባ ቫይታሚን ቢ1 ያስፈልጋል። በመጠጥ ወይም በምግብ እጥረት ለተጎዳ ታካሚ ግሉኮስ ሲታዘዝ ቢ1 ለምን እንደሚቀድም ማስረዳት ከቻልክ የቀሩት ኤንዛይሞች ላይ ብዙም አትቸገርም።