መፍትሔ ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት

ውድ ወጣቶች፣

ስለ ኃይልና ስለ አካባቢ ልትማሩ ዩኒቨርሲቲ ከምትገቡት ብዙዎቻችሁ መፍትሔውን አስቀድማችሁ መርጣችሁ ነው የምትመጡት። አንዱ ፀሐይ ይላል፣ ሌላዋ ባዮጋዝ፣ ሦስተኛው የኤሌክትሪክ መኪና። ጉጉታችሁን እወደዋለሁ። በማስተማር ሥራ ላይ ያቆየኝም እሱ ነው። ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። መፍትሔውን ከመምረጣችሁ በፊት ችግሩን ለኩት።

ፈተና ላይ የሚመጣ ጥያቄ ድንበሩ ተከልሎ ነው የሚመጣው። የሚያስፈልጋችሁ ቁጥር ሁሉ ተሰጥቷል። እውነተኛው ችግር እንዲህ ተዘጋጅቶ አይጠብቃችሁም። ምን ያህል ኃይል ይፈለጋል? በየትኛው ሰዓት? ማን ይከፍላል? ቆሻሻው የት ይሄዳል? እነዚህን ጠያቂዎቹም መላሾቹም እናንተው ናችሁ።

ከመጠን እንጀምር። ጎበዝ የሚባሉ ተማሪዎች እንኳ ኪሎዋትና ኪሎዋት ሰዓትን ሲያምታቱ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ኃይሉ በምን ፍጥነት እንደሚወጣ ይናገራል። ሁለተኛው በጠቅላላ ስንት እንደወጣ። 1 ኪሎዋት የተባለ የፀሐይ ፓኔል በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት አይሰጥም። 1 ኪሎዋት የሚለው ቁጥር የተለካው በቤተ ሙከራ ነው። በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን አርፎበት፣ ፓኔሉም 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሆኖ። ውጭ ግን ሌሊት አለ፣ ደመና አለ፣ አቧራ አለ። ሙቀቱም ራሱ የፓኔሉን አቅም ይቀንሳል። ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቦታ በቀን 4 ወይም 5 ኪሎዋት ሰዓት ካገኛችሁ ደህና ነው። ይህን ሳያሰላ ባትሪ የመረጠ ሰው ደመናማ ሳምንት ሲመጣ ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

ሌላም ስሌት ልስጣችሁ። 1 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነስቶ 100 ዲግሪ እንዲደርስ ወደ 0.09 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል። በዚያው ኃይል ባለ 10 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 9 ሰዓት ያህል ይበራል። እንግዲህ "መብራት አጥፉ" የሚል ፖስተር ከመለጠፋችሁ በፊት የውሃ ማሞቂያውን እዩ። መብራት ማጥፋት ጥሩ ነው፣ አልከለክልም። ግን ጊዜያችሁም ገንዘባችሁም ውስን ስለሆነ ብዙ የሚበላውን ማወቅ አለባችሁ።

አሁን ወደሚከብደው ልሂድ። ቶማስ ሚጅሊ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነበር። በ1921 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሞተርን ማንኳኳት፣ ማለትም ነዳጁ ሳይፈለግ በራሱ ሲቀጣጠል የሚሰማውን ኳኳታ፣ የሚያስቆም እርሳስ የተባለውን ብረት የያዘ ውህድ ቤንዚን ውስጥ መጨመር እንደሚቻል አገኘ። በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር ለማቀዝቀዣ የሚሆን ሲኤፍሲ የተባለ ጋዝ ሠራ። የተሰጡትን ሁለት ችግሮች በሚገባ ፈታቸው። እርሳሱ ግን ከጭስ ጋር እየወጣ ለአሥርት ዓመታት ሰው መረዘ። ሲኤፍሲው ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን ጎዳ።

ተማሪዎች ሁለቱን ታሪኮች አንድ አድርገው ያነቧቸዋል። እኔ አንድ አይደሉም እላለሁ። እርሳስ መርዝ መሆኑ ድሮም ይታወቅ ነበር። በ1924 ውህዱን ሲያዘጋጁ የነበሩ ሠራተኞች ሞተዋል፣ ሐኪሞችም አስጠንቅቀዋል። ማስጠንቀቂያው ተገፋ እንጂ አልጠፋም። ሲኤፍሲ ግን ሌላ ነው። በዚያን ጊዜ ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት እንደ አሞኒያና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ባሉ አደገኛ ጋዞች ስለነበር የማይመርዝና የማይቃጠል ጋዝ መገኘቱ ትልቅ እፎይታ ነበር። ጉዳቱም የመጣው ከዚያው ከደግነቱ ነው። በቀላሉ ስለማይፈርስ ላይኛው ከባቢ አየር ድረስ ይወጣል፣ እዚያ ያለውን ኦዞንም ይጎዳል። ይህን ኬሚስቶቹ ሞሊናና ሮውላንድ ያሳዩት በ1974 ነው። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ልማዶች ያስፈልጓችኋል። አንደኛው የሚታወቀውን አደጋ ለትርፍ ብሎ አለመሸፈን። ይሄ ድፍረት ይጠይቃል። ሁለተኛው ሥራውን ካስረከቡ በኋላም መለካትን አለማቆም። ይሄ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ባንግላዴሽ ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው። ሰዎች ከኩሬና ከወንዝ ውሃ ከሚይዛቸው በሽታ እንዲድኑ ተብሎ እጅግ ብዙ የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ሐሳቡ መልካም ነበር። በ1990ዎቹ ግን ከብዙዎቹ የሚቀዳው ውሃ አርሴኒክ የተባለ መርዝ እንዳለበት ታወቀ። አርሴኒክ ውሃ ውስጥ ቀለምም ጣዕምም የለውም። ካልተመረመረ አይታይም።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም። በ1985 በአንታርክቲካ ላይ የኦዞን መሳሳት ሲታወጅ ዓለም ዝም አላለም። እንደ ሲኤፍሲ ያሉ ጋዞችን ለማስቀረት የሞንትሪያል ስምምነት በ1987 ተፈረመ፣ ሽፋኑም እያገገመ ነው። እርሳስ ያለበት የመኪና ቤንዚንም በ2021 ከዓለም ገበያ ወጥቷል። የሚለካ ሰው ካለ፣ የሚሰማ መንግሥት ካለ ይቻላል።

ስለ ሰዎች ጥቂት ልበል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ ቤት ገብቶ ጥግ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ድስቱ አይገጥመውም፣ እንጨቱን አሳንሶ መፍለጥ ይጠይቃል፣ ወይም ቤተሰቡ በአንዴ ሁለት ነገር ማብሰል ይፈልጋል። ስለዚህ የምታበስለዋን ሴት ሳትጠይቁ ንድፍ አትጨርሱ። ጠይቃችሁ ስትመለሱ ሥራችሁ ግማሹ ሊቀየር ይችላል። ቅር አይበላችሁ። ከሶሺዮሎጂ፣ ከኢኮኖሚክስና ከሕግ ትምህርት ክፍል ጓደኛ ያዙ የምለውም ለዚሁ ነው። መሐንዲሶች ብቻችሁን ተቀምጣችሁ የማታስቡትን ጥያቄ እነሱ ያነሳሉ።

ነገ አስተማሪ ለምትሆኑት ደግሞ ይህን አደራ እላለሁ። ቁጥሩ ያልተሟላ ጥያቄ ስጡ። ተማሪው የጎደለውን ይገምት፣ ለምን እንደዚያ እንደገመተም ይጻፍ። ነጥቡን ለመጨረሻው መልስ ብቻ አትስጡ፣ ለግምቱ ምክንያትም ስጡ። በቡድን ይከራከሩ። ጩኸት ቢበዛም ግድ የለም።

ለመጀመሪያ ሥራ የምትማሩበትን ሕንፃ ውሰዱ። በሳምንት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚፈጅ ገምታችሁ ጻፉ። ከዚያ ኃላፊዎቹን አስፈቅዳችሁ ቆጣሪውን አንብቡ። ግምታችሁና ንባቡ ከተራራቁ ክፍል በክፍል እየዞራችሁ ምክንያቱን ፈልጉ። በተለይ ሌሊት ማንም ሳይኖር የሚፈጀውን ለዩ፤ የትኛው ዕቃ እንደሚወስደው፣ ለምን እንዳልጠፋና ማጥፋት የማን ኃላፊነት እንደሆነ ጠይቁ።