የእንስሳት ሐኪሙ ዓምድ፦ ሆዱን ያመመው ፈረስ ስለምን አሳለ?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። በኮምቦልቻ ከተማ በጋሪ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሚንቶና እህል ሳመላልስ ውዬ፣ ፈረሴ ደክሞታል በማለት ከወትሮው እጥፍ ገብስ ሰጠሁት። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መሬቱን በኮቴው እየጫረ፣ ወደ ጎኑ እየዞረ እያየ፣ በላብ ተጠምቆ ይወድቅና ይንከባለል ጀመር። ከጎረቤቶቼ ከፊሉ «አስሩጠው»፣ ከፊሉ «ዘይት ጋተው» አሉኝ፤ እኛም አንገቱን በገመድ ወደ ላይ ስበን ግማሽ ሊትር ዘይት በጠርሙስ ጋትነው። ሌሊቱን ፋንድያ ጥሎ ተሻለው። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን ያስለዋል፤ ከአፍንጫው የሚሸት ፈሳሽ ይወርደዋል፤ መብላትም ቀንሷል። ቁርጠቱ ተመልሶበት ይሆን? ለወደፊቱስ ምን ላድርግ?
ባለጋሪው፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ይህን ጽሑፍ እንዳነበቡ ፈረሱን ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት። የገለጹልን ምልክት የቁርጠት ሳይሆን የሳንባ ምች ምልክት ነው። ጭንቅላቱ ወደ ላይ ተስቦ ሲጋት ከዘይቱ ጥቂቱ በጉሮሮው ፈንታ በአየር ቧንቧው ወርዶ ሳንባው ውስጥ ሳይገባ አልቀረም፤ ዘይት ደግሞ እንደ ውኃ በቀላሉ ከሳንባ ስለማይወጣ ሕክምናው ሊረዝም ይችላል። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ጋሪ ላይ እንዳይጠምዱት። ለጎረቤቶችዎ ቅሬታ አይያዙባቸው፤ ሁሉም በቅን ልብ ነው የመከሩዎት፤ እኔም በሥራዬ ከቁርጠቱ ተርፎ በተጋተው መድኃኒት የሞተ ፈረስ ማየቴን አልሸሽግም።

ወደ መነሻው እንመለስ። የፈረስ ጨጓራ ለአካሉ ትንሽ ነው፤ የሚይዘው ከ8 እስከ 15 ሊትር ቢሆን ነው። ከዚህም በላይ ፈረስ እንደ ውሻ ማስመለስ አይችልም፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ የበላው ብዙ ገብስ በጨጓራው ውስጥ ሲያብጥና ሲቦካ፣ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ ግድግዳውን ይወጥረዋል። የደከመ ፈረስ ሲሆን ደግሞ አደጋው ይብሳል። ቀኑን ሙሉ የሠራ ፈረስ በቅድሚያ የሚያስፈልገው ውኃና ድርቆሽ ነው፤ ገብሱ ከዕረፍት በኋላ፣ በትንሽ በትንሹ ተከፍሎ ቢሰጠው ይሻላል። ከተማ ለከተማ ለሚሠሩ ፈረሶች ሌላም ምክንያት አለ፤ ከቆሻሻ ጋር የሚውጡት ፌስታል አንጀታቸውን ሲዘጋ እናገኛለን።

ቁርጠት ሲጀምረው ጭድም ገብስም ከፊቱ ያንሱ። ከዚያም ከንፈሩን ገልጠው ድዱን ይመልከቱ። ጤነኛ ድድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ መልክ አለው፤ በአውራ ጣትዎ ተጭነው ሲለቁት ነጭ ይሆንና በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ከዘገየ፣ ወይም ድዱ ጠቁሮ ወይም ወደ ሐምራዊ አድልቶ ከታየ ደም በአግባቡ አይዘዋወርም ማለት ነው። ቀጥሎም በመንጋጋው ሥር፣ በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ያለውን የደም ሥር በጣትዎ ዳብሰው ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በ2 ያባዙት። በዕረፍት ላይ ያለ ትልቅ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ ከ60 ካለፈ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ለሐኪም በስልክ ሲናገሩ መጀመሪያ ይህንኑ ቁጥር ይንገሩት። ጆሮዎን ሽንጡ ላይ ሲያስጠጉ የአንጀት ጉርምርምታ መስማት ይኖርብዎታል፤ ሆዱ ጨርሶ ዝም ካለ ጥሩ አይደለም።

ማስሮጥን በተመለከተ፣ የደከመና የታመመ ፈረስ አይሮጥም። ዝም ብሎ ከተኛ ይተዉት፤ ለመንከባለል ከተነሣሣ ግን በልጓም ይዘው ለጥቂት ደቂቃ ቀስ ብለው ያራምዱት። በኃይል እየተንከባለለ ከሆነ ራስዎን ያርቁ፤ ሕመም የያዘው ፈረስ ባለቤቱን አይለይም። በአፉም ሆነ በአፍንጫው አረቄ፣ የሳሙና ውኃ፣ ዘይት ወይም የሰው መድኃኒት አይጋቱት። ሐኪሙ ዘይት ቢያዝ እንኳን ከአፍንጫው እስከ ጨጓራው በሚደርስ ቱቦ ይሰጠዋል፤ በዚያው ቱቦም የተጠራቀመውን ጋዝ ማስወጣት ይችላል።

አንድ አሳሳች ነገር ልጨምር። ለሰዓታት ሲንፈራገጥ የቆየ ፈረስ ድንገት ጸጥ ሲል ብዙ ባለቤቶች ተሻለው ብለው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። ድዱ ጠቁሮ፣ ጆሮውና እግሩ ቀዝቅዞ፣ ላቡ እንደ በረዶ ከሆነ ያ ጸጥታ ጨጓራ ወይም አንጀት የመፈንዳቱ ምልክት ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ፈረስ ፋንድያ በመጣሉ ዕድለኛ ነበር።

ጥያቄ፦ በደሴ ዙሪያ የሚኖሩት አባቴ ሰንጋ ፈረስ በጥቅምት ወር ከዓይኖቹ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ አብጦ፣ ከአፍንጫው አረፋ እየወጣ በሁለት ቀን ውስጥ ሞተ። በቅሎአችን ትያዝብን ይሆን?
ከደሴ

መልስ፦ የገለጹት ሁኔታ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ለሚባለው ሕመም በጣም ይቀርባል። ክረምቱ ሲወጣ በሚበዙ፣ ከማታ እስከ ንጋት በሚናደፉ ጥቃቅን ደም መጣጭ ትንኞች አማካይነት የሚዛመት የቫይረስ በሽታ ሲሆን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በንክኪ አይተላለፍም። በቅሎም ሊይዛት ይችላል፤ ከፈረስ ይልቅ የመትረፍ ዕድል ቢኖራትም በምሽት ጋጣ ውስጥ አስገብተው ትንኝ እንዳይደርስባት ያድርጉ። ሬሳውን ለውሻ አይስጡ፤ ሥጋውን የበላ ውሻ ሊታመም ስለሚችል ይቀበር። ለዚህ በሽታ ፈውስ የለም፤ ክትባት ግን አለ፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ክትባቱ ኃይሉን ለማግኘት ሳምንታት ስለሚፈልግ ትንኙ ከመብዛቱ አስቀድመው በቀበሌዎ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይጠይቁ።