የመዝናኛ ፓርክ ማስታወሻዎችና የተዘጉ መጫወቻዎች ትዝታ፦ ጥያቄና መልስ

በደብረ ብርሃን ከተማ የማስታወሻ ዕቃ የምንሰበስብ ጥቂት ሰዎች በወር አንድ እሑድ እንገናኛለን። በዚህ ወር ተራው የእኔ ስለነበር፣ ከአርባ ዓመት በላይ ስለሰበሰብኳቸው የመዝናኛ ፓርክ ትኬቶች፣ ካርታዎች፣ ቆቦችና በልብስ ላይ የሚሰኩ ትናንሽ የብረት ፒኖች የሚቀርብልኝን ጥያቄ ሁሉ እንድመልስ ተጠየቅሁ። መምጣት ያልቻሉትም ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳና ከዓለም ከተማ ጥያቄያቸውን ጽፈው ልከዋል። የፓርኮቹን ዘመን እ.ኤ.አ. እያልኩ፣ የራሴን ነገር ደግሞ በእኛው አቆጣጠር አስፍሬያለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ ጋሼ፣ አሜሪካን አይተው የማያውቁ ሰው የዲዝኒላንድ ትኬት መሰብሰብ እንዴት ጀመሩ?

በእኅቴ ምክንያት ነው። በ1974 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ትኖር ነበርና በሚያዝያ ወር ከጓደኞቿ ጋር ወደ ዲዝኒላንድ መዝናኛ ፓርክ ሄዳ፣ ከዚያ የተረፋትን የትኬት ደብተር ከደብዳቤ ጋር አጥፋ ላከችልኝ። ደብተሩ ውስጥ የቀሩት ሁለት «ኤ» እና አንድ «ቢ» ትኬቶች ብቻ ነበሩ። ለምን እነዚያ ብቻ እንደተረፉ በጊዜው አልገባኝም፤ ነገሩን ለመረዳት ስል ማንበብ ጀመርኩ፣ ማንበቡም ወደ መሰብሰብ ወሰደኝ።

ዲዝኒላንድ በአናሃይም ከተማ የተከፈተው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1955 ነው። መጀመሪያ ላይ ጎብኚው በበሩ ላይ ከከፈለ በኋላ በየመጫወቻው ደግሞ ለየብቻ ይከፍል ነበር፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ግን «ኤ»፣ «ቢ» እና «ሲ» የሚል ፊደል የታተመባቸውን ትኬቶች የያዘ ደብተር መሸጥ ጀመሩ። በ1956 «ዲ» ተጨመረ። በ1959 በበረዶማ ተራራ አምሳል የተሠራው ማተርሆርን የተባለው ሮለር ኮስተር (በሐዲድ ላይ ሽቅብና ቁልቁል የሚከንፍ መጫወቻ)፣ የባሕር ሰርጓጅ ጉዞውና በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሄደው ባቡር ሲከፈቱ ደግሞ «ኢ» መጣ። «ኤ» በዋናው ጎዳና ላይ እንደሚሄዱት ሠረገላዎች ላሉ ቀላል ነገሮች ሲሆን፣ «ኢ» ለታላላቆቹ ነበር። እንግዲህ ሰው ሁሉ «ኢ»ውን አስቀድሞ እየጨረሰ «ኤ»ና «ቢ»ውን በኪሱ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ስለነበር፣ ዛሬ በየመሳቢያው የሚገኘው አብዛኛው «ኤ»ና «ቢ» ነው። እኅቴ ከላከችልኝ ጥቂት ጊዜ በኋላ፣ በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ ደብተሩ ቀርቶ አንድ ጊዜ በበሩ ከፍሎ ሁሉን መጠቀም ሆነ። የያዝኩት ነገር የአንድ ሥርዓት የመጨረሻ ቅጠል መሆኑን ስረዳ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ከደብረ ብርሃን፦ የተቀደደ «ኢ» ይሻላል ወይስ ንጹሕ «ኤ»?

«ኢ»ው ይሻላል። ጥቅም ላይ ሳይውል የቀረ «ኢ» ብርቅ ነው፤ ጠርዙ ቢበላም እንኳ ፊደሉና መለያ ቁጥሩ እስከተነበበ ድረስ አይጣልም።

ከደብረ ሲና፦ የእኅቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሃያ የዲዝኒ ፒኖች በአንድ ላስቲክ አምጥቶልኛል። በጣም በርካሽ እንደገዛቸው ነገረኝ። እውነተኛ መሆናቸውን እንዴት ልወቅ?

ልጁ አስቦልዎት ያመጣው ስጦታ ስለሆነ እውነተኛ ባይሆኑም አይዘኑበት። ነገር ግን ሃያ ፒን በርካሽ ከተገኘ መጠርጠር ተገቢ ነው። በፓርኮቹ ውስጥ ፒን መለዋወጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1999 ፍሎሪዳ በሚገኘው በዲዝኒ ድርጅት ሌላ ፓርክ፣ በዋልት ዲዝኒ ወርልድ፣ የ2000 ዓመት መግቢያ በሚከበርበት ወቅት ነበር። ሠራተኞቹ ፒኖችን በአንገታቸው ማንጠልጠያ ላይ ደርድረው ይቆማሉ፤ ጎብኚው የራሱን ሰጥቶ ከእነርሱ የወደደውን ይወስዳል። ልውውጡ ሲለመድ አስመሳዮች ፒኖችን በብዛት እያወጡ በየገበያው በትነዋቸዋል። ጎብኚዎችም እነዚህኑ ገዝተው ከሠራተኞቹ ስለሚለዋወጡ፣ ከፓርኩ ሠራተኛ አንገት ላይ የተወሰደ ፒን እንኳ ሐሰተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ከፓርኩ ውስጥ ነው የመጣው» የሚለው ቃል ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ፒኑን በመስኮት ብርሃን ያዘንብሉትና ቀለሙን ይመልከቱ። በእውነተኛው ላይ ቀለሙ በብረት መስመሮቹ መካከል ያለውን ጉድጓድ እኩል ሞልቶ ይታያል፤ በሐሰተኛው ላይ ግን ቀለሙ ይሰምጣል፣ ነጠብጣብ ይኖረዋል፣ ወይም ከሚታወቀው ቀለም ይለያል። ጠርዙን በጣትዎ ሲዳስሱት የሚቧጥጥ ከሆነም መልካም ምልክት አይደለም። ብዙዎቹ ፒኖች ጀርባቸው ላይ የሚኪ ማውስን ራስ የሚመስል ተደጋጋሚ ቅርጽ ስላላቸው፣ ቅርጹ እስከ ጠርዙ ድረስ መሄዱን ወይም በመሐል መቋረጡን ያስተውሉ፤ በአስመሳይ ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ ዙሪያውን ባዶ ጠርዝ ይተዋል። አንዱ ምልክት ብቻ አይፈርድም፤ ሁለት ሦስቱ ሲገጥሙ ግን እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

ከመሐል ሜዳ፦ ጆሮ ያለውን ጥቁር የሚኪ ማውስ ቆብ ብል ጀምሮታል። በርኖሳችንን እንደምናደርገው ፀሐይ ላይ ላስጣው?

የመንዝ ሰው ስለ ሱፍና ስለ ብል ከእኔ የበለጠ ያውቃል፤ ይሁን እንጂ በዚህ ነገር በርኖሱን አይከተሉ። በርኖስ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ቆቡ ግን ከተጠቀጠቀ ስስ ጨርቅ የተሠራ፣ ጆሮዎቹም ፕላስቲክ በመሆናቸው የእኛ የደጋ ፀሐይ ጥቁሩን ወደ ቡናማ ይለውጠዋል፣ ጆሮዎቹንም ያጣምማቸዋል። እንዲህ ያድርጉ፤ በጥላ ሥር ሆነው በለስላሳ ብሩሽ እጥፋቱን ሁሉ ይጥረጉ፣ ከዚያም በላስቲክ በደንብ አሽገው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያስቀምጡት። ሲያወጡት ላስቲኩን ወዲያው አይፍቱ፤ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ይጠብቁ፣ አለበለዚያ ጤዛ ጨርቁ ላይ ያርፋል። የሌሊቱ ውርጭ ይበቃል ብለው ደጅ እንዳያሳድሩት፤ ብል በእኛ ውርጭ አይሞትም።

ቆቡ ከፓርኩ ጅማሬ አንሥቶ ሲሸጥ የኖረ ሲሆን፣ ቅርጹን ያወጣው ሮይ ዊሊያምስ የተባለ የድርጅቱ ሠዓሊ ነው። ጀርባው ላይ የባለቤቱን ስም በክር መጥለፍ የቆየ ልማድ ስለሆነ፣ በእርስዎ ቆብ ላይ የማያውቁት ልጅ ስም ካለ እባክዎ አይፍቱት። እኔ ስም ያለበትን ቆብ ከባዶው አስበልጬ አየዋለሁ።

ከዓለም ከተማ፦ የድሮ የፓርክ ካርታ በስኮች ግድግዳ ላይ ለጥፌያለሁ፤ ቢጫ እየሆነ ሄደ። ላሚኔት ላስደርገው?

በፍጹም አያስደርጉት። ላሚኔሽን በሙቀት የሚጣበቅ ስለሆነ ተመልሶ አይላቀቅም፣ ወረቀቱም ከውስጥ እየከሰመ ይቀጥላል። ስኮቹም ውሎ አድሮ ሙጫውን ወረቀቱ ውስጥ አስርጎ ቡናማ ጠባሳ ይተዋል። የተለጠፈውን በኃይል ሳይስቡ ከግድግዳው ያውርዱት፣ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መካከል ያስቀምጡት፣ ከብርሃንም ያርቁት። ማየት ካማረዎት ፎቶ ኮፒውን ይስቀሉ። ቤት ውስጥ እንጨት የሚነድ ከሆነ ጢሱም ይገባበታልና ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ ይሁን።

ካርታዎ ከ1958 እስከ 1964 ይሸጥ ከነበረው፣ የዲዝኒ ሠዓሊው ሳም ማኪም ከሣለው የዲዝኒላንድ ካርታ ከሆነ ይጠንቀቁለት፤ ለእኔ ከፓርክ ማስታወሻዎች ሁሉ የሚያምረው እርሱ ነው። እያንዳንዱ ዛፍና ጀልባ በእጅ የተሣለ ሲሆን፣ በኋላ የፈረሱ ብዙ መጫወቻዎች እዚያ ላይ በየቦታቸው ቆመው ይገኛሉ።

ከደብረ ብርሃን፦ አሁን የሚሸጡትን ልዩ ልዩ ዕቃዎች ገዝቶ ማስቀመጥ ወደፊት ያተርፋል?

ለትርፍ ከሆነ አልመክርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፍሎሪዳ በሚገኘው ኤፕኮት በተባለው የዲዝኒ ፓርክ ውስጥ ፊግመንት የሚባለው ሐምራዊ ዘንዶ ቅርጽ ያለው የፈንዲሻ መያዣ ሲወጣ፣ ሰዎች ለሰዓታት ተሰልፈው ገዝተውታል። ሁሉም «ውድ ይሆናል» ብሎ የሚያስቀምጠው ነገር ብዙ ስለሚተርፍ ብርቅ አይሆንም። ብርቅ የሚሆነው ሰው አንብቦ የጣለው ነው፤ በነጻ የታደለ ካርታ፣ የምግብ ቤት ዝርዝር፣ የመኪና ማቆሚያ ቁራጭ።

ከደብረ ሲና፦ ስፕላሽ ማውንቴን የተባለው መጫወቻ ሲዘጋ ብዙ ሰው አልቅሷል ይባላል። ለእኛ ለጥቁሮች መልካም ምስል ከሌለው ታሪክ የተወሰደ መሆኑን ሰምቻለሁ። ይህን ማስታወሻ መሰብሰብ ተገቢ ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ አስቤበታለሁ። ስፕላሽ ማውንቴን በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ1989 የተከፈተ፣ ተሳፋሪው በተቦረቦረ ግንድ ላይ ተቀምጦ ከከፍታ ወደ ውኃ የሚወረወርበት መጫወቻ ነበር። ገጸ ባሕርያቱ የተወሰዱት በ1946 ከወጣ ፊልም ሲሆን፣ ፊልሙ በአሜሪካ ደቡብ በእርሻ ላይ የነበሩትን የጥቁሮች ኑሮ አሳምሮ በማቅረቡ ገና ሲወጣ ጀምሮ ተወቅሷል። በጥር 2023 ፍሎሪዳ፣ በግንቦት መጨረሻ ደግሞ ካሊፎርኒያ ያሉት ተዘግተው፣ በ2024 በጥቁር ልዕልት በቲያና ታሪክ ተተኩ። በመዝጊያው ሰሞን ውኃውን በጠርሙስ ቀድተው ለሽያጭ ያቀረቡ ሰዎች ነበሩ።

ለውጡ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ያለቀሱትንም አልነቅፍም፤ ብዙዎቹ ያለቀሱት ለፊልሙ ሳይሆን ከአባታቸው ጋር ለተቀመጡበት ግንድ ነው። እኔ የ1989ኙንና የ2024ቱን ካርታ ጎን ለጎን በአንድ ማኅደር ውስጥ አስቀምጬ፣ የለውጡን ምክንያት በአንድ ገጽ ጽፌ አያይዣለሁ። አንዱን ብጥለው ሌላው ለምን እንደመጣ የሚናገር አይኖርም።

ከዓለም ከተማ፦ ሳይወለዱ ወይም ሳያዩት ለፈረሰ መጫወቻ እንዴት ይናፈቃል?

አንኮበር ላይ ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ኮረብታ የወጣ ሰው ይህን የሚጠይቅ አይመስለኝም። አዳራሹን ያየ በመካከላችን የለም፣ ነገር ግን የቀረውን የድንጋይ ግንብ ስንዳስስ የጎደለውን በልባችን እንሠራለን። በፍሎሪዳ የእንቁራሪቱ የሚስተር ቶድ የመኪና ጉዞ በ1998 ሊዘጋ ሲል ወዳጆቹ ፓርኩ ውስጥ ተሰብስበው ተቃውመው ነበር፤ ቢሆንም ተዘግቶ ቦታው ለድቡ ለዊኒ ዘ ፑ ተሰጠ። ሠሪዎቹ ግን አዲሱ መጫወቻ ውስጥ ቶድ የቤቱን የባለቤትነት ወረቀት የፑ ጓደኛ ለሆነው ለጉጉት ወፍ ሲያስረክብ የሚያሳይ ሥዕል ሰቀሉ፤ በመናፍስቱ ቤት በሆንትድ ማንሽን የእንስሳት መቃብር ውስጥም ሐውልቱን አቆሙለት። የሄደውን በክብር የሚሸኝ ሰው ሥራ በመሆኑ ይህን እወደዋለሁ።

ከመሐል ሜዳ፦ ከአገራችን ምን ልሰብስብ? በምንስ ልጀምር?

ልጅዎን ይዘው አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ በተሰጥዎት ትኬት ይጀምሩ። አንድነት ፓርክ የተከፈተው መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. ስለሆነ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትኬት ዛሬም ከሰው እጅ አልጠፋም። ሆኖም በሙቀት የሚታተም የደረሰኝ ወረቀት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነጥቶ ባዶ ስለሚሆን፣ በተቀበሉበት ሳምንት ኮፒ ያስነሡት።

ከዚያም ዕቃው ከማን እጅ፣ መቼና እንዴት እንደመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ይጻፉ። ትኬቱ ላይ ሳይሆን አብሮት በሚቀመጥ ወረቀት ላይ፣ በእስክርቢቶ ሳይሆን በእርሳስ ይሁን፤ ቀኑንም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ይለዩት፣ ምክንያቱም የልጅ ልጆችዎ የሰባት ወይም የስምንት ዓመቱን ልዩነት ይስቱታል። ለእኔ ይህን ያስተማረችኝ እኅቴ ናት። ከሦስቱ ትኬቶች ጋር የላከችው ወረቀት እስከ ዛሬ አብሯቸው አለ፤ በእርሳስ የተጻፈ ሲሆን እንዲህ ይላል፦ «ሚያዝያ 1974 ዓ.ም.፤ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር። ‹ኢ›ውን እስከ ምሳ ሰዓት ጨረስነው፤ እነዚህን አንተ ስትመጣ አብረን እንጠቀምባቸዋለን።»