ነጩ ጓሽ ለምን ሰማያዊ ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ የሐዋሳን ሐይቅ በውሃ ቀለም እሠራና የአባ ኮዳ ወፎቹን ነጭ ሆድ በጓሽ (ሥሩን በሚሸፍን ወፈር ያለ የውሃ ቀለም) እደርብበታለሁ። ነጩ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ሳወፍረው ደግሞ ይሰነጠቃል። መላ በሉኝ።
አንባቢ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ የውሃ ቀለም ከደረቀ በኋላም ውሃ ሲያገኝ መልሶ ይሟሟል። ነጩን የሚያቀልመው እንግዲህ ከሥር ያለው የራስዎ ሐይቅ ነው። በቅድሚያ ወረቀቱ ይድረቅ፤ በእጅዎ ጀርባ ሲነኩት ከቀዘቀዘዎት ገና ነው። ጓሹን በጠብታ ውሃ እየበጠበጡ እንደ እርጎ ያድርጉት። ብሩሹን ካጠቡ በኋላ በጨርቅ ያድርቁት፣ ቀለሙን አንስተው አንዴ ያሳርፉ፣ ከዚያ እጅዎን ይሰብስቡ። ሥራውን የሚያበላሸው መመላለሱ ነው። ካልሸፈነ፣ ሲደርቅ ሌላ ስስ ንብርብር ይድገሙ።

የሚሰነጠቀው ወፍራም ቀለም ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው። ስስ ወረቀት ላይ ይብሳል፤ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራም ወረቀት ይሻላል። ክንፉን ሲሠሩ ጥቁር ጓሽ ደርቆ ፈካ እንደሚል ያስታውሱ፤ አንድ ደረጃ አጥቁረው ይበጥብጡ።

እኛን ከጠየቁን ግን የሆዱን ቦታ ከመጀመሪያው ቀለም ሳያስነኩ ቢተዉት ይመረጣል። ያልተነካ ወረቀት ወደ ሰማያዊ አያደላም፣ አይሰነጠቅምም። ጓሹን ለላባው ጠርዝ ብቻ ያቆዩት።