ስቲከሩን ተዉትና ቁጥሩን ጠይቁ

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔ ሒሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ፒችትሪና ኤክሴል ነው የምጠቀመው፣ ማታ ማታ ደሞ ፊልም። ያገለገለ ላፕቶፕ ልገዛ ሱቅ ገብቼ ሁለት አሳዩኝ፣ አንዱ ኮር አይ7 ሰባተኛ ጀነሬሽን፣ ሌላው ኮር አይ5 ስምንተኛ ጀነሬሽን። ራሙም ኤስኤስዲውም እኩል ነው ግን አይ7ቱ በ5 ሺህ ብር ይበልጣል። ልጁ "አይ7 እያለ አይ5 የሚገዛ አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀብኝ፣ ፍጥነታቸውም ላይ አንዱ 2.7 ሌላው 1.6 ጊጋኸርዝ ይላል። ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይቅርብህ ወንድሜ፣ 5 ሺህ ጨምረህ ደከም ያለውን ነው ይዘህ የምትሄደው። ከጻፍካቸው ቁጥሮች ስነሳ ፕሮሰሰሮቹ (ስራውን የሚሰሩት ዋና ቺፖች) ባለ 2.7ቱ አይ7 7500ዩ፣ ባለ 1.6ቱ አይ5 8250ዩ ሳይሆኑ አይቀሩም። 7500ዩ 2 ኮር (ቺፑ ውስጥ ያለ ስራ የሚሰራ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፣ 8250ዩ 4 ኮር አለው፣ በቃ ነገሩ እዚህ ጋ አለቀ። እነዛ 2.7 እና 1.6 የሚሉት መነሻ ፍጥነታቸው ናቸው፣ ስራ ሲመጣ አንዱ እስከ 3.5 ሌላው እስከ 3.4 ይወጣል ስለዚህ ያ ሁሉ የሚመስለው ልዩነት የለም። ለድግስ ሽንኩርት የሚልጡ ሁለት ሰዎችና አራት ሰዎች አስብ፣ እጃቸው እኩል ፈጣን ከሆነ የማን ቶሎ ያልቃል?

አይ7 ከአይ5 ይበልጣል የሚባለው ጀነሬሽኑም ከኋላ ያለው ፊደልም አንድ ሲሆን ነው። ፊደሉን ማንም አያየውም እንጂ ዋናው እሱ ነው፣ ዩ ካለ ባትሪ ቆጣቢ፣ ኤች ወይም ኤች ኪው ካለ ጉልበተኛ ነው፣ ለምሳሌ አይ7 7700ኤች ኪው ያው ሰባተኛ ሆኖ 4 ኮር አለው። ስለዚህ ማስታወቂያ ላይ "ኮር አይ7 አሪፍ ማሽን" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ምንም አልተነገራችሁም ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ማንንም ሳትጠይቅ ለማየት ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫን፣ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ ውስጥ ገብተህ ሲፒዩ የሚለውን ንካው፣ ከላይ በቀኝ ሙሉ ስሙን፣ ከታች ደሞ የኮሩን ብዛት ያወጣልሃል። ስቲከር ይላጣል ይለጠፋል፣ ይሄ ግን አይዋሽም።

ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 11 የሚቀበለው ከጥቂቶቹ በስተቀር ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ኢንቴል (ኮር አይ5፣ አይ7 የሚባሉትን የሚሰራው ኩባንያ) ነው፣ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደሞ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 2025 አብቅቷል። ሰባተኛው ላይም 11ን በአቋራጭ የሚጭኑልህ ልጆች አይጠፉም፣ እኔ ግን የድርጅት ሒሳብ የሚቀመጥበት ማሽን ላይ አላደርገውም።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ አርክቴክቸር ሊማር ነው፣ ከዚህ ላፕቶፕ ልልክለት አስቤ ራይዘን (የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር) ያለው በጥሩ ዋጋ አገኘሁ፣ አገር ቤት ስደውል ሁሉም "ኤኤምዲ ይሞቃል፣ ኢንቴል ካልሆነ እንዳትገዢ" ይሉኛል። እውነት ነው? (ከዱባይ)

መልስ፦ ድሮ እውነት ነበር እህቴ፣ ወሬው ከመሬት አልተነሳም። ኤኤምዲ በፈረንጆቹ 2011 ቡልዶዘር የሚባል ዲዛይን ይዞ መጣ፣ መብራት ይበላ ነበር፣ ይሞቅ ነበር፣ ይሄን ሁሉ ሆኖ ደሞ ከኢንቴል ያንስ ነበር። በ2013 ያወጡት ኤፍኤክስ 9590 የሚባለው የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር 220 ዋት ነበር፣ ወጥ ባያበስልም። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ደሞ ኢ1፣ ኤ4 ምናምን የሚባሉ አቅመ ደካማ ቺፖች ነበሩ፣ ብዙ ሰው ኤኤምዲን ያወቀው በነሱ ነው እና ስሙ እዛው ቀረ።

ከዛ በ2014 ሊሳ ሱ የኤኤምዲ ስራ አስኪያጅ ሆነች፣ በ2017 ራይዘን ወጣ፣ ከ2019 ጀምሮ ደሞ ዋና ቺፖቻቸውን ታይዋን ያለው ቲኤስኤምሲ የሚባል ቺፕ ፋብሪካ በ7 ናኖሜትር (ቁጥሩ ሲያንስ መብራት ይቆጥባል) ይሰራላቸው ጀመር፣ ኢንቴል ዴስክቶፕ ላይ እስከ 2021 ድረስ ከ14 ናኖሜትር መላቀቅ አቅቶት ነበር። በነዛ ዓመታት መብራት በዪው ኢንቴል ሆኖ አረፈው። የዛሬውን ራይዘን በቡልዶዘር መፍረድ ልጅን በአያቱ እዳ እንደማሰር ነው።

ግን ራይዘን ስላለ ብቻም እንዳትገዢ። ራይዘን 5 7520ዩ እና ራይዘን 5 7530ዩ የሚባሉ አሉ፣ ስማቸው በአንድ ቁጥር ነው የሚለያየው፣ የመጀመሪያው ዜን 2 የሚባለው የድሮ ዲዛይን ያለበት 4 ኮር፣ ሁለተኛው ዜን 3 ሆኖ 6 ኮር ነው። ይሄ አሰያየም በኔ እይታ ሆን ተብሎ ገዢን ለማደናገር የተሰራ ነው፣ ኢንቴልን ስንወቅስ እነሱንም እንውቀስ። ለአርክቴክቸር ኤች ፊደል ያለው፣ ራሙ 16 ጊጋ የሆነ፣ ግራፊክስ ካርዱ ለብቻው የሆነ ፈልጊለት። አልጋ ላይ ብርድልብስ ላይ አስቀምጦ እንዳይሰራ ንገሪው፣ አየር ማስገቢያው ከታች ከተዘጋ ኢንቴልም ኤኤምዲም ይግላል።

ጥያቄ፦ ሰው ለኢንቴልና ለኤኤምዲ እንደ አርሰናልና ማንቼ የሚጨቃጨቀው ምን አግኝቶ ነው? ቢፎካከሩ ባይፎካከሩ ለኛ ዋጋውን የሚወስነው ዶላሩ ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ዶላሩ ላይ አልከራከርህም። ፉክክሩ ግን ለኛም ይደርሰናል፣ የሚደርሰን ዘግይቶ ነው እንጂ። ከ2007 አካባቢ እስከ 2017 ድረስ ተራ ሰው የሚገዛው የኢንቴል ዴስክቶፕ ከ4 ኮር አላለፈም፣ አስር ዓመት ሙሉ! 8 ኮር የፈለገ ለአይ7 6900ኬ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል። በማርች 2017 ራይዘን 1800ኤክስ 8 ኮር ይዞ በ499 ዶላር ሲመጣ፣ በዛው ዓመት ኢንቴል ዴስክቶፑን ወደ 6፣ ዩ የሚባሉትን ላፕቶፖች ከ2 ወደ 4 አሳደገ። ቺፕ በአምስት ስድስት ወር ተነድፎ አያልቅም፣ ኢንቴልም አስቀድሞ አስቦበት ይሆናል፣ ግን ተፎካካሪ ሲመጣ ነው እጁ የተፈታው ባይ ነኝ። ከላይ ሒሳብ ሰራተኛው የጠየቀን 8250ዩ የዛ ዓመት ልጅ ነው፣ ውጭ አገር ቢሮ ሲያገለግል ቆይቶ ዛሬ እኛ ጋ ባገለገለ ዋጋ ይሸጣል።

ደጋፊ መሆኑን ግን ተወው። ኤኤምዲ በ2020 ከላይ ሲወጣ ወዲያው ዋጋ ጨመረ፣ 3600ኤክስ በ249 ዶላር ነበር የወጣው፣ ተከታዩን 5600ኤክስ በ299 አመጣው። ማንም አይራራልህም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ አይ9 13900ኬ በርካሽ አገኘሁ፣ ልግዛው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ እኔ አልገዛውም። የ13ኛና 14ኛ ጀነሬሽን ዴስክቶፕ ቺፖች (ያንተም 13900ኬ 13ኛ ነው) ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ እየወሰዱ እንደሚጎዱ ኢንቴል ራሱ በ2024 አምኗል፣ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዝሟል። ማስተካከያው በባዮስ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው ሶፍትዌር) አፕዴት ይመጣል ግን ከዛ በፊት የተጎዳውን አያድነውም፣ አንተ ደሞ የፊተኛው ባለቤት አፕዴት ሳያደርግ ስንት ወር እንደነዳው በምን ታውቃለህ? የግድ ካልክ ሻጩ ፊትህ ከባድ ጌም ለአንድ ሰዓት ያጫውትበት፣ ክራሽ ካደረገ ትተኸው ውጣ።