የፖም አበባ ሳይቋጥር ሲቀር

ጥያቄ፦ የምኖረው አራቱ ወቅቶች በግልጽ በሚፈራረቁበት፣ ቀዝቀዝ ባለ የገጠር አካባቢ ሲሆን ፖም የማለማውም በረባዳ መሬት ላይ ነው። ብርዱ አልፎ ጸደይ ሲገባ ዛፎቼ በአበባ ይሸፈናሉ፤ ፍሬ የሚይዙት ግን በጣም ጥቂት ነው። ከበላዬ በተዳፋቱ ላይ ያለው ማሳ ዝርያው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ በደንብ ያፈራል። ጥፋቱ የአፈር ነው ወይስ የብርድ ማነስ?

መልስ፦ አብዛኞቹ የፖም ዝርያዎች ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት ያህል ብርድ ይፈልጋሉ፤ ይህ ቢጎድል ኖሮ አበባው ሳስቶና ተቆራርጦ ይወጣ ነበር እንጂ ዛፉን አይሸፍነውም ነበር። ስለዚህ እኔ የምጠረጥረው የጸደይ ውርጭን ነው። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ትለቃለች፤ በላይዋ ያለው አየርም ቀዝቅዞ ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል እየወረደ በረባዳው ይተኛል። የፈካ የፖም አበባ ከዜሮ በታች 2.2 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ከቆየ ከአሥሩ አንዱ፣ 3.9 ላይ ከቆየ ደግሞ ከአሥሩ ዘጠኙ ይሞታል። የአበባው ቅጠሎች ነጭ እንደሆኑ ሊቆዩ ስለሚችሉ ጉዳቱ ከውጭ አይታወቅም። ውርጭ በወረደ ማግስት ጥቂት አበቦችን በምላጭ ሰንጥቀው ይመልከቱ፤ መሃላቸው ከጠቆረ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ከሁሉ በፊት የማሳዎን የታችኛውን ጫፍ እንዲያዩ አጥብቄ እመክራለሁ። ጥቅጥቅ ያለ አጥር ወይም ቁጥቋጦ ካለበት ቀዝቃዛው አየር እንደ ግድብ ታግዶ ስለሚቀር፣ መውጫ መክፈት ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በአበባ ሰሞን በዛፎቹ መካከል ያለውን ሣር ማሳጠር፣ ጉዝጓዙን ገለል ማድረግና አፈሩን እርጥብ አድርጎ ማቆየትም መሬቱ ቀን ብዙ ሙቀት እንዲይዝ ይረዳል። በውርጭ ሌሊት ውሃ በዛፎቹ ላይ መርጨት፣ ውሃው ወደ በረዶ ሲረጋ ሙቀት ስለሚለቅ አበባውን ያድናል፤ ነገር ግን በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ያለማቋረጥ መረጨት አለበት፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ ትነቱ ከውርጩ የከፋ ጉዳት ያደርሳልና አስተማማኝ ውሃና ፓምፕ ከሌለዎት ባይጀምሩት ይሻላል።

አዲስ ችግኝ ሲያስቡ ዘግይተው የሚያብቡ ዝርያዎችን ይምረጡ። ከዚያ በፊት ግን በማሳው ዝቅተኛና ከፍተኛ ቦታዎች በአበባው ቁመት ልክ ቴርሞሜትር ሰቅለው ንባቡን ጎህ ሲቀድ ይመዝግቡ፤ የአካባቢው አማካይ ሙቀት በአንድ ማሳ ውስጥ ያለውን የጥቂት ዲግሪዎች ልዩነት አያሳይም።